አረንጓዴው ቁርስና የመተማ ሰሊጥ

ስለ ምግብ ኬሚስትሪ በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ ከመተማ አካባቢ የመጣ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ያቀረበው ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆኗል። «መምህር፣» አለ፣ «ጠዋት ጠዋት ቆስጣና ሙዝ በጁስ መፍጫ ፈጭቶ ለቤተሰብ ማጠጣት ለጤና እጅግ እንደሚበጅ በቴሌቪዥን ይነገራል። እኛ ቤት መፍጫ የለም፤ ቢኖርም መብራቱ ይጠፋል። ታዲያ ጤናማ ቁርስ ለከተማ ሰው ብቻ ነውን?» ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን መልሱ አጭር ስላልነበረ ለሌላ ቀን አሳደርሁት።

በእንግሊዝኛው አጠራር «ግሪን ስሙዚ» የሚባለው መጠጥ ጥሬ ቅጠልን ከፍራፍሬና ከውሃ ጋር በኤሌክትሪክ መፍጫ አድቅቆ የሚዘጋጅ ነው። ስሙ በዓለም ላይ የናኘው እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ሲሆን፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ጁስ ቤቶችም ከአቮካዶና ከማንጎው ጎን ተሰልፏል። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ተልባን፣ ሱፍንና ሰሊጥን ቆልቶ፣ ወቅጦና በውሃ በጥብጦ መጠጣት በጾም ወራት የኖርንበት ልማድ ነው። በሶም ቢሆን ከዚህ ወገን ነው። ልዩነቱ መፍጫው ሙቀጫና ዘነዘና መሆኑ ብቻ ነው።

ታዲያ መፍጨት የሚሰጠው ጥቅም ምንድን ነው? አረንጓዴ ቅጠል ሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠውን ቤታ ካሮቲን በብዛት ይዟል። ሆኖም ይህ ንጥረ ነገር በቅጠሉ ሕዋሳት ውስጥ፣ ከክሎሮፊሉ ጋር ተሸሽጎ የተቀመጠ ስለሆነ በቀላሉ አይገኝም። በኢንዶኔዥያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ አንድ ማይክሮግራም ቪታሚን ኤ ለማግኘት ከቅጠላ ቅጠል 26 ማይክሮግራም ያህል ቤታ ካሮቲን መብላት ያስፈልጋል፤ ከፍራፍሬ ግን 12 ያህል ይበቃል። ስለዚህ የሕዋሱን ግድግዳ ማፍረስ ተገቢ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ምን ያህል ይጠቅማል? እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ይህንኑ በስፒናች ላይ ለክቷል። ከንጹሕ ቤታ ካሮቲን ጋር ሲነጻጸር ከሙሉው ቅጠል ወደ ደም የገባው 5 ከመቶ ገደማ፣ ከተከታተፈው 6 ከመቶ ገደማ፣ የሕዋስ ግድግዳው በኤንዛይም እንዲሟሟ ከተደረገው ደግሞ 9 ከመቶ ገደማ ነበር። መሻሻል አለ፤ ተአምር ግን አይደለም። ስለቱ የቱንም ያህል ቢፈጥን ቅጠሉን በቢላ ከመክተፍ እጅግ የራቀ ሥራ ይሠራል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ።

ከመፍጫው ይልቅ ወሳኙ ነገር ሌላ ነው፤ እርሱም ቅባት ነው። ቤታ ካሮቲን በውሃ አይሟሟም፤ በአንጀት ውስጥ ሟሙቶ የሚሻገረው ከቅባት ጋር ሲሆን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ በአዮዋ የተካሄደ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። 7 ጤነኛ ሰዎች ሰላጣ ቀረበላቸው። አንድ ጊዜ ያለ ቅባት፣ ሌላ ጊዜ በጥቂት ቅባት፣ ሌላ ጊዜም በብዙ ቅባት በሉት። ቅባት በሌለው ሰላጣ ጊዜ ወደ ደማቸው የገባው ካሮቲን ከምንም የማይቆጠር ነበር። የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ውጤቱ ከኬሚስትሪው ጋር የተስማማ ነው። እንግዲህ ቆስጣና ሙዝ ብቻ በውሃ ፈጭቶ ለልጁ የሚያጠጣ አባት፣ ልጁን ከዳፍንት ይጠብቃል የተባለውን ነገር አብዛኛውን ሳይጠቀምበት ያስወጣዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወደ ተማሪው አገር እንመለስ። ከገንደ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ከዚያም እስከ ቋራ ያለው ቆላ የሰሊጥ አገር ነው። በመከር ወራት ከደጋው የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ብዛት፣ በኩንታል ተቆልሎ የሚጫነው ጆንያ፣ «የጎንደር ዓይነት» ተብሎ በውጭ ገበያ የሚሸጠው ምርት ለአካባቢው ሰው የተለመደ ትዕይንት ነው። ሰሊጥ ደግሞ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ለካሮቲን መሻገር በአንድ ገበታ ከ3 እስከ 5 ግራም ቅባት ይበቃል ይላሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ 9 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ይህን ይሸፍናል። ለ5 ሰው ቤተሰብ በቀን 45 ግራም፣ በዓመት 16 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመጣል። ከአንድ ኩንታል ስድስተኛው እጅ መሆኑ ነው! ገበሬው ከማሳው ላይ ምርቱን ጠራርጎ ለነጋዴ ሲያስረክብ፣ ይህችን ለቤቱ ቢያስቀር ገቢው ምን ያህል ይጎድላል? እኔ በበኩሌ የቆላው ቁርስ የጎደለው መፍጫ ሳይሆን ይህች 16 ኪሎ ናት እላለሁ። እርግጥ ሰሊጡ ሳይወቀጥ ከተበላ ጥቅሙ ያንሳል፤ ፍሬው ትንሽና ጠንካራ በመሆኑ ብዙው ሳይፈጭ ያልፋል። ቆልቶ መውቀጥ ያስፈልጋል።

ቅጠሉስ? ቆላው ከቆስጣ የተሻለ አለው። በየጓሮው የሚበቅለው ሽፈራው፣ ማለትም ሞሪንጋ፣ በቤታ ካሮቲን የበለጸገ ነው (300 በሽታ ይፈውሳል የሚለውን ወሬ ግን ለገበያ እንተወው)። ከድንበሩ ማዶ ሱዳኖች ኹድራ ወይም ሙሉኪያ የሚሉት ቅጠልም አለ። የመተማና የቋራ ጉሙዞች ባሚያን በደንብ ያውቁታል። ጎመንም ቢሆን ከቆስጣ የሚበልጥበት ምክንያት አለው። ቆስጣና ስፒናች ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ስለሚበዛባቸው ካልሲየሙን አስረው ይይዙታል። እ.ኤ.አ. በ1988 በተደረገ ልኬት ከወተት ካልሲየም 28 ከመቶ ያህል ሲገኝ፣ ከስፒናች የተገኘው 5 ከመቶ ብቻ ነበር። በጎመን ወገን ያሉት ቅጠሎች ግን ኦክሳሌታቸው አነስተኛ ነው።

በበጋ ቅጠል ሲጠፋ አድርቆ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ማድረቁ ግን በጥላ ሥር ይሁን። የፀሐይ ብርሃን ቤታ ካሮቲንን ያበላሻል።

ጥሬውን የመፍጨቱ ነገር ለቆላው አያመችም ብዬ እከራከራለሁ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚወጣበት፣ ማቀዝቀዣ ባልተስፋፋበት አገር፣ በወንዝ ውሃ የታጠበ ጥሬ ቅጠል ተፈጭቶ እስከ ረፋድ ቢቀመጥ ለባክቴሪያ የተመቸ ማሳደጊያ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ ወረዳ የተከሰተው ኮሌራ ገና አልተረሳም። ስለዚህ ቅጠሉን በፈላ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ መንከር፣ ውሃውን መድፋት፣ ከዚያም መክተፍና ከተወቀጠው ሰሊጥ ጋር በሙቀጫ ማዋሃድ ይሻላል። እንዲህ ሲደረግ ኦክሳሌቱም ከውሃው ጋር በከፊል ይወጣል። አፍልቶ ባቀዘቀዙት ውሃ ቢበጠበጥ መጠጥ ይሆናል፤ ወፈር ቢል ደግሞ በእንጀራ ይበላል። ተዘጋጅቶ ወዲያው ያልቅ፤ ለቀትር አይደር።

በመንከሩ ቪታሚን ሲ ይቀንሳል፤ ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው። ቪታሚን ሲ ደግሞ በቅጠል ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዲገባ ዋነኛው ረዳት ነው። ኪሳራውን ሎሚ ወይም በወቅቱ የበሰለ ማንጎ ይክሰዋል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ባኦባብ ነው። በመተማና በቋራ ጫካዎች ገዝፎ የቆመው ይህ ዛፍ፣ የፍሬው ነጭ ዱቄት በቪታሚን ሲ ከብርቱካን ይበልጣል። ሱዳኖች ጎንጎሌዝ ብለው በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ይጠጡታል። እኛ ግን አብዛኛውን ለእረኛ ልጆች ትተነዋል፤ ከልጆቹ የተማርን አይመስለኝም።

ስለ ብረት ካነሣን ዘንድ ስለ ቡናችንም ልናገር፤ አንባቢ አይቀየመኝ። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ በካንሳስ ተመራማሪዎች ከሥጋ ምግብ ጋር ቡናና ሻይ ሰጥተው የብረቱን መሻገር ለኩ። ቡናው 39 ከመቶ፣ ሻዩ 64 ከመቶ ቀነሰው። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት በፊት ሲጠጣ ጉዳት አልታየም፤ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ግን አብሮ እንደ መጠጣት ያህል ቀነሰው። እኛ ቁርስ በልተን ወዲያው ነው ጀበና የምንጥደው፤ ልጆቹም ሻይ በዳቦ ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በቆላው የደም ማነስ በወባና በመንጠቆ ትልም ጭምር የሚመጣ በመሆኑ ቅጠል ብቻውን አያድነውም። ቢሆንም በሻይ የተገኘውን ጥቂት ብረት ማባከን ትርጉም የለውም።

ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ከእናት ጡት ወተት በቀር ይህ ሁሉ አይሰጠው። ለታላላቆቹም ቢሆን አረንጓዴው ቁርስ እንቁላልንና ወተትን የሚተካ አይደለም፤ በእነርሱ ውስጥ ያለው ቪታሚን ኤ ሳይለወጥ በቀጥታ የሚገኝ ነውና።

ይህን ሁሉ ለተማሪው በሳምንቱ ስነግረው በጥሞና አዳመጠኝ። ሰሊጡን ማስቀረት ከአባቱ ጋር ተነጋግሮ የሚሆን ነገር እንደሆነ ነገረኝ። ሽፈራው በጓሯቸው አለ። አንድ ነገር ላይ ግን ራሱን ነቀነቀ። «መምህር፣» አለኝ፣ «እናቴን ቡናውን ከቁርስ አንድ ሰዓት በፊት አፍዪ ብላት፣ የሚነሡትን ጎረቤቶች ማን ይቀሰቅሳቸዋል?»