ከሴንት ፖል የሚላከው መከላከያ አገር ቤት ሲደርስ አደጋ ይሆናል

ከሴንት ፖል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው በሻንጣው ለታናሽ ወንድም ላፕቶፕ፣ ለእናት ስልክ ይይዛል። ጥንቁቅ ከሆነ ደግሞ ዕቃዎቹን ከኤሌክትሪክ ጉዳት እንዲጠብቅለት ሰርጅ ፕሮቴክተር ያለው ባለብዙ ሶኬት ማከፋፈያ ይጨምራል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ማከፋፈያው ግን የተሠራው ለሌላ አገር መብራት ነው።

በሚኒሶታ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ በኢትዮጵያ ደግሞ 220 ቮልት ነው። ጀርባው ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቻርጀር በሁለቱም አገር ይሠራል። ሰርጅ ፕሮቴክተሩ ግን እንዲህ አይደለም። በውስጡ ያለው ቫሪስተር የተባለ አነስተኛ አካል ቮልቴጁ መደበኛ ሲሆን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ማለት ይቻላል፤ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ግን በቅጽበት ተከፍቶ ትርፉን ኃይል ከዕቃው ያሸሻል። ለ120 ቮልት በተሠሩ ማከፋፈያዎች የሚገባው ቫሪስተር ያለማቋረጥ የሚሸከመው ብዙውን ጊዜ ከ130 እስከ 150 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ በ220 ቮልት ላይ ሲሰካ መደበኛውን መብራት እንደ አደጋ ይቆጥረዋል፤ ይግላል፣ ሊፈነዳ ይችላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። የሶኬት መቀየሪያም መፍትሔ አይሆንም፤ የሚለውጠው የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ቮልቴጁን አይደለምና።

ለ220 ቮልት የተሠራ ሰርጅ ፕሮቴክተር መግዛት ይህን አደጋ ያስቀራል፤ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ቫሪስተር የተሠራው እንደ መብረቅ ላለ፣ ከሰከንድ እጅግ ላነሰ ጊዜ ለሚቆይ ግፊት ነው። በባለሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራሉ ሲበጠስ ግን አንድ ቤት ወደ 380 ቮልት የተጠጋ ኃይል ለደቂቃዎች ሊደርሰው ይችላል። የቻርጀርና የቴሌቪዥን ኃይል ሰጪ ክፍል የገባውን ኤሌክትሪክ በመጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ኃይል ቀይሮ በካፓሲተር ያጠራቅማል። 220 ቮልት ሲገባ በካፓሲተሩ ላይ 311 ቮልት ያህል ይጠራቀማል፤ 380 ሲገባ ወደ 537 ይደርሳል። ብዙዎቹ ካፓሲተሮች የተሠሩት ግን ለ400 ቮልት ነው። ይህን የመሰለ ረጅም ግፊት ቫሪስተሩ ሊያቆመው አይችልም፤ ራሱ አስቀድሞ ይቃጠላል።

ስለዚህ ለአገር ቤት የሚያስፈልገው ቮልቴጁን እየለካ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን የሚቆርጥ፣ መብራት ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያገናኝ መቆጣጠሪያ ነው። ለ220 ቮልት የተሠራ ቫሪስተርና በትክክል የተቀበረ የግራውንድ መስመር ሲታከሉበት ጥበቃው የተሟላ ይሆናል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ የ2020 እትም ለመኖሪያ ቤቶች ኃይል በሚያስገባው ዋና መስመር ላይ የሰርጅ መከላከያ እንዲገጠም ያዛል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ጥበቃ ከቤቱ መግቢያ መጀመር እንዳለበት ነው። በኢትዮጵያም አዳዲስ ሕንፃዎች ሲሠሩ ጉዳዩ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ኪስና ዕድል ሊተው አይገባም።

እስከዚያው ድረስ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን የሚነቅሉ፣ ሲመጣም እስኪረጋጋ የሚጠብቁ እናቶች ትክክል ናቸው። ከሴንት ፖል ከሚላከው ማከፋፈያ ይልቅ የእነርሱ ልማድ ላፕቶፑን ያድነዋል። ላኪውም የማከፋፈያውን ዋጋ ለ220 ቮልት የሚሆን መቆጣጠሪያ መግዣ ቢልከው ይሻላል።