ሰሊጡ ለገበያ፣ ካላዛሩ ለአጫጁ
ደጋው ላይ ቁንጭርን የማያውቅ የለም፤ ፊት ላይ ይወጣና ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። ካላዛርስ? እሱም የሌሽማኒያ ዘር ነው፤ ሁለቱም በአሸዋ ዝንብ ነው የሚተላለፉት። ልዩነቱ፣ የደጋው ቆዳ ላይ ሲቀር የቆላው ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኔ ውስጥ መግባቱ ነው። ካልታከመ ይገድላል።

ከዳባትና ከደባርቅ ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ የሚወርደው የእኛው እኩያ ነው። ውጭ ያድራል፣ ይነከሳል። ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከወራት በኋላ፣ ቤቱ ከገባ ወዲያ ነው። ያተኩሰዋል፤ «ወባ ነው» ይባላል፤ ሆዱ እያበጠ ሰውነቱ ይከሳል።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምና ማዕከል አለው። የተለመደው መርፌ ግን 17 ቀን ይፈጃል። መድኃኒቱ በነፃ ቢሆን እንኳ የትራንስፖርቱን፣ የአስታማሚውን፣ የቀረበትን የቀን ገቢ ማን ይከፍላል? ራሱ አጫጁ! ኢኮኖሚክስ ስንማር እንዲህ ዓይነቱን ሌላው ላይ የተጣለ ወጪ እንለዋለን።

ወጪው ወደ ባለቤቱ ይመለስ። ባለ እርሻው አጎበርና ደህና ማደሪያ ያቅርብ። የደጋው ጤና ጣቢያም ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት ሲያይ «ቆላ ወርደህ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ዘንድሮ ከቆላ የተመለሰ ወንድም ካላችሁ፣ እናንተም ዛሬ ደውሉለት።