ታንከር የሌለው የውሃ ማሞቂያና የደጋው ቤት

ውሃ ሳያጠራቅም፣ ውሃው በውስጡ ሲያልፍ ወዲያውኑ የሚያሞቀው መሣሪያ በልዩ ልዩ ስም ወደ አገራችን እየገባ በየሱቁ ይሸጣል። ገዢም «ቦይለር ሰፊ ቦታ ይዞ፣ ሲሞቅ አስጠብቆ፣ የሞቀውንም ውሃ ሳንጠቀምበት አቀዝቅዞ የመብራት ሒሳብ ያስከፍለናል» በማለት ቦይለሩን አስወርዶ በምትኩ ይህንኑ ያስገጥማል። ቅሬታው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ለአንዱ አገር የተስማማ ዕቃ ለሌላው ላይስማማ ስለሚችል፣ በመንዝና በግሼ ደጋ ለምንኖርና ለዚሁ አገር ዕቃ ለምናመጣ ሰዎች ጉዳዩ ምርመራ የሚያሻው መስሎ ታይቶኛል።

ዋናው ነገር የውሃው ቅዝቃዜ ነው። 5.5 ኪሎዋት ኃይል ያለው መሣሪያ በደቂቃ 6 ሊትር ውሃ ሲያሳልፍ ሙቀቱን ከፍ የሚያደርገው በ13 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በሸዋ ሮቢት ቆላ የቧንቧው ውሃ 25 ዲግሪ ቢሆን 38 ይደርሳልና ለገላ መታጠቢያ ይበቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በመሐል ሜዳ ግን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ውሃው 10 ዲግሪ ቢሆን፣ ያው መሣሪያ 23 ላይ ይቆማል። ውሃውን ቀንሰን በደቂቃ 3 ሊትር ብናደርገው 36 ይደርሳል፤ ሆኖም ብዙዎቹ መሣሪያዎች ውሃው ሲቀጥን በራሳቸው ይጠፋሉ። ከጣሪያ ላይ ታንከር በሚወርድ ደካማ ውሃ የሚጠቀም ቤት ይህ ችግር ዘወትር ያገኘዋል።

«እንግዲያው ኃይለኛውን እንግዛ» የሚል አይጠፋም። በደቂቃ 6 ሊትር ውሃ ከ10 ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ ከ12 ኪሎዋት በላይ ያስፈልጋል፤ ይህም በ220 ቮልት መስመር ከ55 አምፔር በላይ ማለት ነው። ትንሹ እንኳ 25 አምፔር ይስባል፤ የተለመደው የግድግዳ ሶኬት ግን ከ16 አምፔር በላይ አይችልም። በዚያው ሰዓት የእንጀራ ምጣድ ቢጣድ የሚሆነውን አንባቢ ራሱ ይገምት።

እኔ የምሠራላቸው ነጋዴ ይህንኑ መሣሪያ በቤታቸው አስገጥመው ነበር። ሻጩም ሆነ ገጣሚው ስለ ሽቦው ውፍረት አንዲት ቃል አልጠየቁም። አንድ ማታ ቤተ ሰቡ በተከታታይ ሲታጠብ የሽቦው ልባስ ቀልጦ ሽታው ልጆች ከተኙበት ክፍል ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉዳቱ በግድግዳ መጥቆር ተወሰነ። ከዚያ በኋላ የወፍራም ሽቦ፣ የብሬከርና የሠራተኛ ዋጋ ተከፈለ። ሒሳቡን የጻፍሁት እኔ ስለሆንሁ፣ ይቆጠባል ከተባለው የወጣው እንደበለጠ አውቃለሁ።

ቦይለር ግን በ1.5 ኪሎዋት፣ ማለትም በ7 አምፔር ብቻ፣ 50 ሊትር ውሃ ከ10 ወደ 60 ዲግሪ በሁለት ሰዓት ያህል ያደርሳል። ይህም ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ 40 ዲግሪ የሞቀ ከ80 ሊትር በላይ ውሃ ይሆናል። መብራት በሄደ ጊዜም ሙቀቱን ለብዙ ሰዓት ይዞ ይቆያል፤ ታንከር የሌለው ግን ከመብራቱ ጋር አብሮ ይሞታል። በጋዝ የሚሠራውም ቢሆን፣ በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ለዚያው ካልተስተካከለና ጭሱ ወደ ውጭ ካልወጣ፣ ሽታ የሌለው መርዛም አየር በቤት ውስጥ ይተዋል።

ስለዚህ አስመጪዎች ዕቃውን ሲያዙ የኪሎዋቱን ልክና የሚፈልገውን የሽቦ ውፍረት የሚገልጽ ወረቀት በአማርኛ አሳትመው አብረው ቢልኩ፤ ባለሱቆችም ከመሸጣቸው በፊት «ቤትዎ የት ነው? ሽቦው ስንት አምፔር ይችላል? የመሬት መስመርስ አለው?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው። መልሱ ካላረካቸው ቦይለሩን እንዳያስወርድ ይምከሩት። በዚያ ቀን አንድ ዕቃ ሳይሸጥ ይቀር ይሆናል፤ ገዢው ግን በሚመጣው ዓመት ለሌላ ዕቃ ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል።