ድምፁ ሲለወጥ ከበሮው ለምን ይቋረጣል?

በወልቂጤ የሠርግ ወራት ሲደርስ አንድ ድምፃዊና አንድ ኪቦርድ ተጫዋች የሙሉ ባንድን ሥራ ተሸክመው ማየት የተለመደ ነው። ከእነዚህ ሠርጎች በአንዱ ተገኝተን የታዘብነው ነገር ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆኖናል። የጉራጊኛው ጭፈራ ደርቶ እግሮች ሁሉ ከምቱ ጋር በተስማሙበት ቅጽበት፣ ተጫዋቹ ከአኮርዲዮን ወደ ሳክስፎን ድምፅ ለመሻገር አንድ ቁልፍ ተጫነ። ከበሮውም ጸጥ አለ። ዝምታው አንድ ሴኮንድ ባይሞላም ጨፋሪዎቹ ያነሡትን እግር የሚያሳርፉበት ምት አጡ። በኋላ ስንጠይቀው ወጣቱ «ጋሼ፣ መሣሪያው አቅም የለውም» አለን፤ ለሚቀጥለው ሠርግም ከበሮውን አስቀድሞ በፍላሽ ቀድቶ ሊመጣ መወሰኑን አጫወተን።

እኛ ግን በምክንያቱም ሆነ በመፍትሔው አልተስማማንም።

ነገሩን በቁጥር እንመርምረው። ኪቦርዶች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ሚዲ የተባለው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ ሲሆን፣ የመልእክቱ ፍጥነት በሴኮንድ 31,250 ቢት እንዲሆን ተወሰነ። «ድምፅ ለውጥ» የሚለው ትእዛዝ 2 ባይት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ባይት ከመጀመሪያና ከማብቂያ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ይሆናል። 20 ቢት ለ31,250 ሲካፈል 0.64 ሚሊ ሴኮንድ ይወጣል። በደቂቃ 120 ጊዜ በሚመታ ዘፈን ግን በሁለት ምቶች መካከል 500 ሚሊ ሴኮንድ አለ። እንግዲህ ትእዛዙ በመንገድ ስለዘገየ ከበሮው ቆመ ማለት አይቻልም።

ከዚህም በላይ ሚዲ 16 ቻናሎች ሲኖሩት፣ ይህ ትእዛዝ የሚመለከተው የተላከበትን ቻናል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ጄኔራል ሚዲ የተባለው ደንብ ለከበሮ 10ኛውን ቻናል መድቧል። በ1ኛው ቻናል አኮርዲዮን በሳክስፎን ቢተካ 10ኛው የሚነካበት ምክንያት የለም። ታዲያ ከበሮውን ምን አቆመው? ወጣቱ የተጫነው ቁልፍ የአንድ ድምፅ ሳይሆን የመላው ቅንብር መለወጫ ነበር። ዜማው፣ ከበሮውና ፍጥነቱ በአንድነት ተነሥተው በአዲሶቹ እስኪተኩ ድረስ መሣሪያው ዝም አለ።

መፍትሔውም ከዚሁ ይነሣል። የሚፈለጉትን ድምፆች አስቀድሞ በአንድ ቅንብር ውስጥ በየክፍላቸው መመደብ፣ ለከበሮው የራሱን ክፍል መስጠት፣ በጭፈራው ሰዓትም ከዜማ ክፍል ወደ ዜማ ክፍል ብቻ መሻገር ነው። ቅንብሩን መለወጥ ግድ ከሆነም፣ አንዳንድ ኪቦርዶች ምቱ እንዳይነካ የሚያደርግ «ፍሪዝ» የተባለ ቁልፍ አላቸው። ይህም ከሌለ ከበሮውን ለሌላ መሣሪያ ማስረከብ ይቻላል። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ያለ ባንድ አልበም ሲያዘጋጅ፣ ከአኮርዲዮኑና ከሲንተሳይዘሩ ጎን የከበሮ ማሽን ተጠቅሟል።

የተቀዳ ከበሮስ? የጉራጊኛ ጭፈራ ሲሞቅ ፍጥነት ይጨምራል፤ ጥሩ ተጫዋችም የጨፋሪውን እግር አይቶ ምቱን ከፍ ያደርጋል። ከነዜማው የተቀዳን ሙዚቃ እንዲሁ በማፍጠን ከ120 ወደ 127 ምት ብናደርሰው፣ የድምፁ ሞገድ ድግግሞሽም በዚያው መጠን ስለሚጨምር ሙዚቃው በግማሽ ቃና ከፍ ይላል፤ ድምፃዊውም ከቅኝቱ ይወጣል። ዘመናዊ ሶፍትዌሮች ፍጥነትን ከቃና መለየት ቢችሉም፣ የተቀዳው ሙዚቃ ርዝመቱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። በአራት ደቂቃ የሚያልቅ ከሆነ፣ ሙሽሮቹን የከበበው ሕዝብ ገና ቢሆንም እንኳ ያልቃል። በዚህ ጊዜ ሰው ለማሽን ይጨፍራል እንጂ ማሽኑ ለሰው አይመታም።

ከወጣቱ ጋር አንድ ከሰዓት ተቀምጠን ድምፆቹን በየክፍላቸው መደብን። ኪቦርዱ ያው የቀድሞው ኪቦርድ ነበር፤ ከበሮው ግን ዳግመኛ አልተቋረጠም። በየትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ውስጥ ያሉ ኪቦርዶች ስለ ሞገድና ስለ ድግግሞሽ በሚሰጠው የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ፣ ተማሪው መሣሪያውን «አቅም የለውም» ከማለቱ በፊት የትኛው ክፍል ምን እንደሚሠራ መጠየቅን ይለምዳል እንላለን።