ሁለት ልጅ ላለው ቤት የትኛው ጋሪ?

«አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ይላል ያገራችን ሰው። ሁለት ያላትስ? ሁለት ያላት እንቅልፍ ብቻ ሳይሆን እጅም የላት። አንዱን ስታቅፍ ሌላው ይሮጣል፤ የሚሮጠውን ስትይዝ የታቀፈው ያለቅሳል። ለዚህች እናት እጅ ሆኖ የሚያገለግል ዕቃ ያቀረበ ነጋዴ ገዢ አያጣም። ጥያቄው ዕቃው ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ነው። ገበያችን እስካሁን «ለሁለት ልጅ ባለ ሁለት መቀመጫ ጋሪ» የሚል መልስ ይዞ ተቀምጧል። በበኩሌ ይህ መልስ ለመንታ ወላጆች ካልሆነ በቀር የተሳሳተ ነው እላለሁ። ስሕተቱን ያወቅሁት ደግሞ ከኪሴ ከፍዬ ነው።

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት ከነቤተሰቤ ወደ እንጅባራ ሄጄ ነበር። ትልቁ ልጄ ያኔ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ፣ ታናሽየው ሰባት ወሩ ነበር። ከመነሳታችን በፊት ሁለት ልጅ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ጋሪ ገዛሁ። ባለሱቁ «ሁለት ልጅ ካለህ ይህ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ?» አለኝ። እኔም ሌላ ነገር መኖሩን ስለማላውቅ ተስማማሁ።

ከበዓሉ ማግስት ዘንገናን ልናይ ወጣን። ዘንገናን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከእንጅባራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ከአስፋልቱ አጠገብ የሚገኝ፣ እሳተ ገሞራ ያበጀው ክብ ሐይቅ ነው። ዙሪያው በዛፍ የተከበበ፣ አፋፉ ቁልቁል የሚወርድ ውብ ስፍራ ነው። ጋሪያችን ግን አስፋልቱን እንደለቀቀ ቆመ። ለሱቅ ወለል የተሠሩት ትንንሽ ጎማዎቹ ሣሩና ጠጠሩ ውስጥ ተቀረቀሩ። ትልቁ ልጄ ወርዶ መሮጥ ጀመረ፤ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያጋደለውን ጋሪ ሕፃኑን እንደያዘ እኔና የባለቤቴ ወንድም ተሸከምነው።

በዚያው ሰዓት አንዲት የአካባቢው እናት አንዱን ልጅ በአንቀልባ አዝላ፣ ሌላውን ቀሚሷን አስይዛ አልፋን ሄደች። ይህን ያዩት የባለቤቴ አክስት «የኔ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ብረት ከምትሸከም ሕፃኑን እናቱ አዝላው፣ ትልቁ ሲደክመው ብቻ የሚቀመጥበት ቀላል ነገር ብትይዝለት ምን ነበረበት?» አሉኝ። ለአዊ ሰው ጋሪ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው በፈረስ የሚጎተተው ነው። እኒህ አክስት ግን ዕድሜዬን ሙሉ ካነበብኩት የሸቀጥ መግለጫ የበለጠ ስለ ሕፃናት ጋሪ አስተማሩኝ።

ገዢው ማነው?

እስቲ ነገሩን በቁጥር እንየው። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአዲስ አበባ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 1.8 ልጅ ነው። በአማራ ክልል 3.7፣ በአገር አቀፍ ደረጃ 4.6 ነው። በአንድ ወሊድና በተከታዩ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሹ ከ34.5 ወር በታች፣ ግማሹ ከዚያ በላይ ነው።

ለነጋዴ የዚህ ቁጥር ትርጉም ቀላል ነው። ጋሪ ሊገዛ የሚችለው የከተማ ቤተሰብ በአብዛኛው ሁለት ልጅ ያለው ነው። ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ ግን የመጀመሪያው ወደ ሦስት ዓመት ተጠግቷል። የሦስት ዓመት ልጅ ይራመዳል፤ እንዲያውም ቁጭ በል ሲሉት አይሰማም። ችግሩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መድከሙና መንገድ ላይ ዘፍ ማለቱ ነው። እንግዲህ ቤተሰቡ የሚፈልገው ለአንዱ መኝታ፣ ለሌላው የድካም ማረፊያ እንጂ ሁለት እኩል መቀመጫ አይደለም። እኩል መቀመጫ የሚያስፈልጋቸው መንታዎችና በዓመት ልዩነት የተወለዱ ልጆች ናቸው። እነርሱም ገበያ ናቸው፤ ነገር ግን ጠባቡ ገበያ ናቸው። አስመጪው ጠባቡን ገበያ ሰፊ አድርጎ ካየው ዕቃው መጋዘን ያድራል።

ለሰፊው ገበያ የሚሆነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከነጠላ ጋሪ ኋላ የሚገጠም፣ ትልቁ ልጅ የሚቆምበት ባለ ጎማ መረገጫ ነው። ይህ ዕቃ በአውሮፓ ከታወቀ ቆይቷል፤ በኛ ሱቆች ግን እምብዛም አይታይም። ሁለተኛው አክስቴ ያሉት ነው፤ ሕፃኑ በማዘያ፣ ትልቁ በቀላል ታጣፊ ጋሪ።

ከኛ ጀርባ የተወሰደ ንግድ

ማዘያ ሲባል የኋላ ቀርነት ምልክት የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። ለዚህ አንባቢ አንድ ታሪክ ላስታውሰው። አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በሰላም ጓድ አማካይነት ቶጎ ውስጥ ሠርታ ነበር። የቶጎ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሲሄዱ ሕፃናቱ እንዴት እንደሚረጋጉ ታዘበች። አገሯ ተመልሳ የራሷን ልጅ ስትወልድ ያንን በጨርቅ አሰፋችና እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብት አስመዘገበች። «ስናግሊ» ተብሎ በዓለም ገበያ የተቸበቸበው ማዘያ ይኸው ነው። አፍሪካዊት እናት በነፃ ያሳየችውን አሜሪካዊቷ በዶላር ሸጠችው። እኛ ደግሞ ዛጎል የተደረደረበትን የቆዳ አንቀልባ ለቱሪስት ግድግዳ ማስጌጫ ሸጥነውና ማዘያውን ከውጭ እናስመጣለን።

የታጣፊው ጋሪ ታሪክም ትምህርት አለው። የፈለሰፈው ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን የሚታጠፍ የማረፊያ እግር ሥራ ላይ ተሳትፎ ነበር። ልጁ የልጅ ልጁን በከባድ ጋሪ ስታንገላታ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ቀላል ጋሪ ነደፈ። መነሻው የሱቅ ወለል ሳይሆን የአንዲት እናት መጉላላት ነበር። እኛ የምንገዛው የእርሱን ጋሪ ልጆች ነው፤ የእርሱን ጥያቄ ግን ለራሳችን ጠይቀን አናውቅም። የኛ እናት የት ላይ ትጉላላለች?

የኛ ልክ

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ አብዛኛው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ወደ አራተኛ ፎቅ የሚወጣው በደረጃ ነው። እናት ሕፃን ይዛ በአንድ እጇ የማታነሳው ጋሪ ለእርሷ ጋሪ አይደለም። ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ባለ ሁለት ጋሪ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ 75 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የ80 ሳንቲ ሜትር በር መቃኑና መዝጊያው ሲቀነስለት ይህን በጭንቅ ያሳልፋል፤ ጠበብ ያለው በር ጭራሽ አያሳልፍም። ፊትና ኋላ የሚያስቀምጠው ዓይነት በበር ያልፋል፤ ነገር ግን ትልቁ ልጅ ፊት ሲቀመጥ ፊቱ ከብዶ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ለመውጣት ያስቸግራል። በታክሲ የሚሄድ ቤተሰብ ደግሞ ጋሪው በአንድ እጅ ካልታጠፈና እግር ሥር ካልገባ ረዳቱ «ትርፍ ሰው ትከፍላላችሁ» ማለቱ አይቀርም።

እርግጥ ነው፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የተካሄደው የኮሪደር ልማት በርካታ የእግረኛ መንገዶችን አስፍቷል። ይህ ለጋሪ ንግድ በር መክፈቱ አይካድም። ሆኖም ከዋናው መንገድ ወደ መኖሪያ ሰፈር የሚያስገባው ኮብልስቶን እዚያው አለ። ስለዚህ አስመጪው ፋብሪካውን ሲያነጋግር የኋላ ጎማው ተለቅ ያለ፣ ጎሚስታ የማያሻው ድፍን ላስቲክ ይሁንልኝ ይበል። ክብደቱን፣ ስፋቱንና አስተጣጠፉን ጽፎ ይላክ። መለዋወጫ ጎማና ፍሬን አብሮ ይዘዝ። በአንድ ጎማ ምክንያት የተጣለ ጋሪ የቀጣዩን ገዢ ልብ ያሸሻል።

ደኅንነትንም አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2009 ራሱ የማክላረን ኩባንያ በአሜሪካ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ጋሪዎችን ጉዳይ እንደገና ለማየት ተገዷል። ምክንያቱ መታጠፊያው የሕፃናትን ጣት ጫፍ መቁረጡ ነበር፤ ለገዢዎች የመታጠፊያ መሸፈኛ አደለ። ስመ ጥሩ ኩባንያ ይህ ከደረሰበት፣ ምልክት የሌለውን ርካሽ ጋሪ በጅምላ የሚያስገባ ነጋዴ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት መገመት አያዳግትም። «ኢኤን 1888» የሚባለው የአውሮፓ ደረጃ ፍሬኑን፣ ሚዛኑንና ጣት የሚያስገቡ ክፍተቶችን ይመለከታል። አቅራቢውን ይህን ማረጋገጫ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም።

ሒሳቡ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደርሷል። ስሕተት የሆነ ዕቃ ማስመጣት ያኔ ያከስር ነበር፤ ዛሬ ይጥላል። የመርከብ ጭነት ደግሞ እንዲህ ላለው ቀላል ዕቃ የሚሰላው በሚይዘው ቦታ ነው። ለምሳሌ ያህል የአንድ ባለ ሁለት ጋሪ ካርቶን 0.18 ሜትር ኩብ፣ የታጣፊው ነጠላ 0.07 ሜትር ኩብ ነው እንበል። በ20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጥ 28 ሜትር ኩብ ብንጭን፣ የመጀመሪያው 155 ያህል፣ ሁለተኛው 400 ይገባል። ጠባብ ገበያ ያለው ዕቃ ሰፊ ቦታ ሲይዝ፣ ሰፊ ገበያ ያለው በጠባብ ቦታ ይመጣል። ደላላም ቢሆን ይህን ሒሳብ ለደንበኛው ቢነግር ስሙን ያተርፋል።

ሁሉንስ ማስመጣት ግድ ነው? በእንጅባራ ዙሪያ የደጋ ቀርከሃ በየጓሮው ይበቅላል። ወንበሩንና አልጋውን የሚሠሩ ባለሙያዎችም አሉ። ከአዊ አዋሳኝ በመተከል የሚበቅለው የቆላ ቀርከሃ ደግሞ እንደ ደጋው ውስጡ ክፍት ሳይሆን ድፍን ነው። በጋና የብስክሌት አካል ከቀርከሃ ይሠራል። እኛ ጎማውን፣ መታጠፊያውንና ፍሬኑን አስመጥተን፣ መረገጫውን፣ መቀመጫውንና የፀሐይ መከለያውን አገር ውስጥ ብንሠራ የሚያስቅ ሐሳብ አይደለም። ማዘያውማ ሙሉ በሙሉ የኛ ነው፤ ሸራና ቆዳ ሞልቷል፣ ልብስ ሰፊም ሞልቷል።

ነገሩን አቅልዬ መናገሬ ግን አይደለም። ቀርከሃ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ከተቆረጠና በወጉ ካልደረቀ ነቀዝ ይበላዋል፤ ምስማር ሲመቱበት ይሰነጠቃል። ልጅ የሚሸከም ዕቃ ተፈትኖ እንጂ ተገምቶ አይሸጥም። በዓለም አቀፉ የዕቃ ምደባ ጋሪውም ክፍሎቹም በአንድ ቁጥር፣ በ8715 ስር ስለሚመደቡ፣ ክፍል አስመጥቶ የሚገጣጥም ሰው ቀረጡን አስቀድሞ ከትራንዚተሩ ጋር ያስላ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም የጭነት መንገዱን ያለ ስጋት የሚታሰብ አላደረገውም። ስለዚህ በትንሹ መጀመር ነው፤ መጀመሪያ ማዘያው፣ ቀጥሎ መረገጫው፣ ጋሪው በመጨረሻ።

ያ የገዛሁት ባለ ሁለት ጋሪ ዛሬ የት እንዳለ ብትጠይቁኝ፣ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ነው። አራተኛ ፎቅ ማውጣቱ ስላታከተኝ ለጥበቃው ሰጠሁት። ውኃ በሚጠፋበት ቀን ሁለት ጀሪካን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይገፋበታል። እርሱ በጋሪው እጅግ ደስተኛ ነው። ሁለት ጀሪካን እኩል ክብደት አላቸው፤ አይሮጡም፤ አይደክሙም። ልጆች እንደዚያ አይደሉምና፣ ለልጆች የሚነግድ ሰው መጀመሪያ ልጆቹን ይይ።