ጾምና የአበባ ድግስ በሩቅ አገር

በ2011 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ የአትክልት ገበያው በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከመዛወሩ በፊት፣ በአትክልት ተራ ጎመንና ቲማቲም ሲገዙ ያገኘናቸው አንዲት እናት አንድ ነገር አጫወቱን። በጃፓን የሚማረው ልጃቸው በአበባ ድግስ ላይ ተጠርቶ ሄደ፤ ምክንያቱን ሳይናገር ምንም ሳይቀምስ ስለ ተቀመጠም ባልደረቦቹ ያኮረፈ መስሏቸው አዘኑ። «ከእንግዲህ ይቅር ልበለውን?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ልጁን ወደ ሩቅ አገር የላከ ቤተ ሰብ ሁሉ ጥያቄ ነው።

ጃፓኖች በዓሉን «ሃናሚ» ይሉታል፤ አበባ ማየት ማለት ነው። ሳኩራ የተባለው ዛፍ በቶኪዮ በመጋቢት አጋማሽ ግድም ቅጠል ሳያወጣ በአበባ ይሸፈናል፤ ከሳምንት ብዙም ሳያልፍ ይረግፋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከዛፉ ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ይበላል፣ ይጫወታል። ልማዱ አስቀድሞ የመኳንንት ነበር፤ ከ300 ዓመት ግድም በፊት ግን ዮሺሙኔ የተባለው ገዥ በአሱካያማ ኮረብታ ዛፎች አስተክሎ ለሕዝቡ መደሰቻ አደረገው።

የጃፓን የትምህርት ዘመን የሚጀመረው መጋቢት 23 ቀን ግድም ስለ ሆነ፣ አዲስ መጤ ከነባሩ ጋር የሚተዋወቀው በዚሁ ድግስ ነው። የቀረ ተማሪ ዓመቱን በብቸኝነት ይጀምራል። ወራቱም ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል።

እኛስ ይሂድ እንላለን። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን ጥራጥሬ እየበሉ ከንጉሡ ቤት አልራቁም፤ ነገር ግን ዳንኤል የማይበላውን አስቀድሞ ለሹሙ ነግሮታል። ተማሪውም ከድግሱ ቀን በፊት ጾሙን ለጋባዦቹ ያስረዳ። አበባው ማታም በፋኖስ ብርሃን ይታያልና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መሄድ ይችላል። «ሳኩራ ሞቺ» የተባለው ጣፋጭ ከሩዝና ከባቄላ ዘር ተሠርቶ በሳኩራ ቅጠል የሚጠቀለል ስለ ሆነ ለጾመኛ ይስማማል። ሾርባው ግን ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ መረቅ ይሠራልና ጠይቆ ይቅመስ። ከቤት የተላከለትንም ሽሮ ሠርቶ በሩዝ ይዞ ቢሄድ ለባልደረቦቹ የሚያቀምሰው አያጣም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሲደውል «ጾምህን ጠበቅህን?» ማለታችሁ መልካም ነው፤ «ከማን ጋር በላህ?» ማለትንም አትርሱ።