በአዲስ እህል ውስጥ ስለሚገኘው ተባይ

በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶና ተወቅቶ ወደ ጎተራ የገባው እህል ጥቂት ሳምንት ቈይቶ ነቀዝ ሲታይበት፥ ሻጩ በባለ መጋዘኑ፥ ባለ መጋዘኑም በሻጩ ያመካኛል። ነገር ግን እውነተኛው ምስክር በእህሉ ውስጥ የተገኘው ተባይ ስለ ሆነ፥ ከፍርድም ከመድኃኒትም አስቀድሞ እርሱን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

አፉ እንደ ኵምቢ ሾሎ ወደ ፊት የወጣ፥ በክንፉም ላይ አራት ቀላ ያሉ ነጥቦች ያሉበት ተባይ የበቆሎ ነቀዝ ነው። እንስቲቱ ፍሬውን ቦርቡራ ዕንቍላሏን ካኖረች በኋላ ቀዳዳውን ስለምትደፍነው፥ እህሉ ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፤ በሙቅ አገር ግን አምስት ሳምንት ያህል ሲሆነው ትሉ ነቀዝ ሆኖ ፍሬውን በስቶ ይወጣል። ይህ ነቀዝ የሚበርር ስለ ሆነ፥ በቆሎው ገና በማሳ ሳለ ሊገባበት ይችላል። ገለባ የመሰለችው ትንሽ የእሳት ራትም እንደዚሁ ሰብሉ ሳይታጨድ ዕንቍላሏን ትጥልበታለች። ቀይ ቡናማው የዱቄት ጥንዚዛ ግን ጤነኛውን ፍሬ መብሳት ስለማይሆንለት የተሰበረውንና ዱቄቱን ይበላል፤ እርሱ በአዲስ እህል ሲበዛ ብዙ ጊዜ ካልተጠረገ ጎተራ ወይም ከአሮጌ ጆንያ መምጣቱን ያመለክታል።

በፈረንሳይ አገር በአንጉሙዋ አውራጃ ይህችው የእሳት ራት እህሉን ባጠፋች ጊዜ፥ የሳይንስ አካዳሚው በ1760 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዱሃሜል ዱ ሞንሶንና ቲዬን ልኮ አስመርምሯል። እነርሱም አስቀድመው የተባዩን አኗኗር መረመሩ፤ ከዚያም በኋላ እህሉን በምድጃ ማሞቅን መከሩ።

ዛሬ ግን ብዙ ሰው ተባዩን ሳይለይ መርዘኛ ጋዝ ወደሚያወጣው የፎስፋይድ ኪኒን ይቸኵላል። ይህ ጋዝ ሰው በሚያድርበት ቤት ቢለቀቅ ከነቀዙ ጋራ ቤተ ሰቡን ይፈጃል፤ ስለዚህ ሥራው ለሠለጠነ ሰው ብቻ የሚተው ነው። ከማሳ ለመጣው ተባይ እህሉን በጊዜው መሰብሰብ፥ በሚገባ ማድረቅና አየር በማያስገባ ከረጢት መዝጋት ይጠቅማል፤ ከጎተራ ለመጣው ደግሞ ጎተራውን መጥረግና አሮጌውን ከአዲሱ መለየት ያስፈልጋል።

እንግዲህ የመጋዘን ሹማምንት እህል ሲረከቡ ከየጆንያው ጥቂት ዘግነው ቢያበጥሩ፥ ከፊሉንም አየር በሚያሳልፍ ጨርቅ በተከደነ ብርጭቆ ለስድስት ሳምንት ቢያቈዩ፥ የተሰወረው ይገለጥላቸዋል፤ ያለ ጥፋቱ የሚከሰስ ገበሬም አይኖርም። ካህናትም በመከር ወራት ይህንኑ ለምእመናን ቢያስረዱ ነፍስ ያድናሉ። ዮሴፍ በግብፅ የሰባቱን ዓመት ጥጋብ ለሰባቱ ዓመት ራብ ያበቃው እህሉን በመሰብሰብ ብቻ ሳይሆን በመጠበቅም ነበር።